የመሃል ሦስተኛ ፓርቲ በአሜሪካ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የአሜሪካ ምርጫ በቀረበ ቁጥር ቡና ላይም፣ ታክሲ ውስጥም፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስም አንድ ጥያቄ ይነሳል። «ከሁለቱ ሌላ ሰው የለም እንዴ?» ይህን ጥያቄ ለዓመታት ሰምቻለሁ፤ ራሴም ጠይቄዋለሁ። ከወዳጅ ዘመድ ደጋግሜ የሰማኋቸውን እዚህ ሰብስቤ የማውቀውን ያህል መልሻለሁ። የመሃል ፓርቲ ቢጠናከር ደስ ከሚላቸው ሰዎች አንዱ ነኝ። ስለዚህም ነው እንቅፋቱን ሳልሸፋፍን የጻፍኩት። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሰዉ ሦስተኛ ፓርቲ የሚመኘው ለምንድን ነው?

ስለሰለቸው ነው። ጋሉፕ የተባለው የሕዝብ አስተያየት መጠይቅ ድርጅት በ2023 ሲጠይቅ፣ 63 ከመቶ የሚሆኑ አሜሪካውያን ሁለቱ ፓርቲዎች ሕዝቡን በአግባቡ ስለማይወክሉ ሦስተኛ ትልቅ ፓርቲ ያስፈልጋል ብለዋል። በዚያው ዓመት 43 ከመቶ የሚሆኑት ራሳቸውን ሪፐብሊካንም ዴሞክራትም ሳይሉ «ከፓርቲ ነፃ ነኝ» ብለዋል።

ቁጥሩ ግን የመሰልቸቱን ልክ አያሳይም። በ2018 መጨረሻ ኮንግረስና ፕሬዚዳንቱ በበጀት መስማማት አቅቷቸው የፌዴራል መንግሥቱ ሥራ ለ35 ቀን ተቋረጠ። በ2025 ደግሞ ለ43 ቀን። ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የሚኖር ሰው ይህን በዓይኑ አይቶታል። የመንግሥት ሠራተኛው ያለ ደመወዝ ቤቱ ተቀመጠ። መሥሪያ ቤቶቹ አጠገብ ምሳ የሚሸጠው ሰው ሰልፉ ጠፋበት። ፓርኪንግ የሚሠራው ወገናችን የሥራ ሰዓቱ ተቀነሰ። የመንግሥት ሠራተኛው በኋላ ውዝፍ ደመወዙን ሲያገኝ፣ የፓርኪንግ ሠራተኛውን የካሰው የለም። እንዲህ ያለውን ወር ያሳለፈ ሰው «እነዚህ ሰዎች ቁጭ ብለው መነጋገር ለምን ያቅታቸዋል?» ቢል አይፈረድበትም።

ሌላው ምክንያት ቤት የማጣት ስሜት ነው። በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ብዙ አየዋለሁ። ሰውዬው በትዳርና በልጅ አስተዳደግ ጉዳይ የሪፐብሊካኖቹ ንግግር ይጥመዋል። ስለ ጤና መድንና ስለ ስደተኞች ሲነሳ ዴሞክራቶቹ ይቀርቡታል። ትንሽ ሱቅ ካለው ደግሞ ግብር ላይ ተመልሶ ወደ ሪፐብሊካን ያዘነብላል። ከዚያ ሁለት ያጣ ጎመን ሆኖ ምርጫ ጣቢያ ይቆማል። ይህ ስሜት የእኛ ብቻ አይደለም። በኦሃዮ ያለ ገበሬም፣ በአሪዞና ያለች ነርስም ይሰማቸዋል።

«ውጤት ተኮር የመሃል ፓርቲ» ማለት መሃል ሰፋሪነት አይደለም ወይ?

«መሃል ሰፋሪ» በእኛ ቋንቋ ስድብ ነው። አቋም የሌለው፣ ነፋስ ወደ ነፈሰበት የሚያዘነብል ሰው ነው። እኔ የምመኘው ፓርቲ እንደዚህ ያለ አይደለም። ሐሳቡ ከማን ወገን መጣ ብሎ አይጠይቅም። ይሠራል ወይ፣ ስንት ያስወጣል፣ ማን ይጠቀማል፣ ማን ይጎዳል ብሎ ይጠይቃል።

ምሳሌ ላምጣ። በ2021 1.2 ትሪሊዮን ዶላር የሚደርስ የመሠረተ ልማት ሕግ ወጣ። ከሁለቱም ወገን የተውጣጡ ሴናተሮች ለወራት ቁጭ ብለው ተደራድረውበታል። ሴኔቱ በ69 ለ30 ድምፅ ሲያፀድቀው 19 ሪፐብሊካኖች ደግፈውታል። መንገድ፣ ድልድይ፣ ኢንተርኔት፣ የእርሳስ ውኃ ቧንቧ መቀየር ነበር ጉዳዩ። የትኛውም ወገን የፈለገውን ሁሉ አላገኘም። ድልድዩ ግን ይታደሳል።

መሃል መሆን ሁልጊዜ ልክ ነው ማለቴ አይደለም። በ1860 ጆን ቤል የሚባል የቴነሲ ፖለቲከኛ «ሕገ መንግሥታዊ አንድነት» የተባለ ፓርቲ ይዞ ለፕሬዚዳንትነት ቀረበ። መፈክሩ ሕገ መንግሥቱ፣ የሀገር አንድነትና የሕግ መከበር ነበር። ስለ ባርነት አንድም ቃል አልተናገረም። ቨርጂኒያን፣ ኬንታኪንና ቴነሲን አሸነፈ። ወራት ሳይቆዩ ጦርነት ፈነዳ። ሰው እንደ ዕቃ በሚሸጥበት ዘመን መሃል የሚባል ቦታ አልነበረም፤ ዝምታውም ማንንም አላዳነም። ያን ምርጫ ያሸነፈው አብርሃም ሊንከን ሲሆን፣ የሪፐብሊካን ፓርቲው ገና በ1854 የተመሠረተ አዲስ ፓርቲ ነበር። አዲስ ፓርቲ የሚያድገው በዘመኑ ትልቅ ጥያቄ ላይ ጥርት ያለ ነገር ሲናገር ነው። ዛሬ የመሃል ፓርቲ እንመሥርት የሚሉ ሰዎች ይህን ታሪክ ደጋግመው ቢያነቡት እወዳለሁ።

እስካሁን ከሁሉም ይበልጥ የቀረበው ማን ነው?

በእኛ ዕድሜ ካየነው ሮስ ፔሮ ነው። በኮምፒውተር አገልግሎት ሥራ የበለጸገ የቴክሳስ ነጋዴ ነበር። በፌብሩዋሪ 1992 ሲኤንኤን ላይ ላሪ ኪንግ ጋር ቀርቦ፣ ሕዝቡ በ50ውም ግዛቶች ስሙን ድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ ካስገባለት እንደሚወዳደር ተናገረ። ሕዝቡም አስገባው። በየገበያ አዳራሹ ጠረጴዛ ዘርግተው ፊርማ የሰበሰቡት አብዛኞቹ ፖለቲካ ውስጥ ገብተው የማያውቁ ሰዎች ነበሩ። በጁን ወር በጋሉፕ መጠይቅ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽንም ቢል ክሊንተንንም ይመራ ነበር።

የሱን ነገር ለማየት የቴሌቪዥን ፕሮግራሞቹን ፈልጋችሁ ተመልከቱ። በራሱ ገንዘብ የግማሽ ሰዓት የአየር ሰዓት ገዛ። ጠረጴዛ ኋላ ተቀመጠ። በእጁ ቀጭን ዘንግ ይዟል። የካርቶን ሰንጠረዥ አንድ በአንድ እያነሳ፣ በዘንጉ መስመሩን እየተከተለ፣ የመንግሥት ዕዳ እንዴት 4 ትሪሊዮን ዶላር እንደደረሰ አስረዳ። ዘፈን የለም፣ ጭብጨባ የለም። ሚሊዮኖች እራታቸውን ትተው አዩት። ሕዝቡ ቁጥር አይወድም፣ ዝርዝር ያሰለቸዋል ለሚሉ ሁሉ ያ ፕሮግራም መልስ ነው። እንደ ትልቅ ሰው ሲያናግሩት ያዳምጣል።

ፔሮ ግን በጁላይ ድንገት ከውድድሩ ወጣ። በኦክቶበር መጀመሪያ ተመለሰ። ያ መውጣትና መመለስ ብዙ አስከፍሎታል ብዬ አምናለሁ። እንደዚያም ሆኖ 18.9 ከመቶ የሕዝብ ድምፅ፣ ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው መረጠው። በሜይን ግዛት የቡሽ ቤተሰብ የበጋ መኖሪያ እያለ እንኳ በጥቂት መቶ ድምፅ ቡሽን ቀድሞ ሁለተኛ ወጣ።

ታዲያ ከኤሌክቶራል ኮሌጅ ስንት አገኘ?

ዜሮ።

እንዴት? ወደ 20 ሚሊዮን ሰው መርጦት?

ነገሩ ያለው አቆጣጠሩ ላይ ነው። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሚመረጠው ለየግዛቱ በተከፋፈለ 538 የኤሌክቶራል ድምፅ ሲሆን (ኤሌክቶራል ኮሌጅ የሚባለው ይኼው ነው) ለማሸነፍ 270 ያስፈልጋል። ከሜይንና ከነብራስካ በቀር በሁሉም ግዛት አንደኛ የወጣው ሁሉንም ይወስዳል። ሁለተኛ የወጣው ባዶ እጁን ይቀራል። የፔሮ ደጋፊ በሀገሩ ሁሉ እኩል ተበትኖ ስለነበር የትም አንደኛ አልሆነም።

ከዚህ ጋር የ1968ቱን ጆርጅ ዋላስ አስተያዩ። ዋላስ የዘር መለያየትን የሚደግፍ የአላባማ ገዥ የነበረ ሰው ነው። ያገኘው 13.5 ከመቶ ብቻ ነበር። ደጋፊዎቹ ግን በደቡብ ተሰብስበው ስለሚኖሩ አምስት ግዛቶችን አሸንፎ 46 የኤሌክቶራል ድምፅ ወሰደ። ይህ ሥርዓት በአንድ አካባቢ የተከማቸ ቁጣን ይሸልማል። በሁሉም ቦታ ትንሽ ትንሽ ያለ ልከኝነትን ይቀጣል። የመሃል ፓርቲ ትልቁ ችግር ይኼው ነው፤ ደጋፊው በየቦታው አለ፣ የትም ግን ብዙኃን አይደለም።

ለኮንግረስም ያው ነው። በየወረዳው አንድ ወንበር፣ አንደኛ የወጣው ይወስዳል። ሞሪስ ዱቨርዤ የተባለ ፈረንሳዊ የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር እንዲህ ያለ አቆጣጠር ሁለት ፓርቲ ብቻ ወደማስቀረት ያዘነብላል ብሎ ካስተማረ ብዙ ዘመን ሆኗል። እኛም ይህን አቆጣጠር ከሀገር ቤት እናውቀዋለን። ኢትዮጵያም የምትጠቀመው የአብላጫ ድምፅ ሥርዓት ነው። በ2015 ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም ወንበር ሲወስዱ ሌሎች ምክንያቶችም ነበሩ፤ ያም ሆኖ ለተቃዋሚ የተሰጠው ድምፅ ሁሉ ምክር ቤት ውስጥ አንድ ወንበር እንኳ አላስገኘም። ተመጣጣኝ ውክልና ባለባቸው ሀገሮች 19 ከመቶ ያገኘ ፓርቲ ከአምስት ወንበር አንዱን ገደማ ይይዛል።

ሦስተኛ ዕጩ ጠንክሮ ማንም 270 ባያገኝስ?

ያኔ ፕሬዚዳንቱን የሚመርጠው የተወካዮች ምክር ቤት ነው። የሚቆጠረው በአባላት ብዛት አይደለም፤ እያንዳንዱ ግዛት አንድ ድምፅ ይኖረዋል። 52 ተወካይ ያላት ካሊፎርኒያ አንድ፣ አንድ ተወካይ ያላት ዋዮሚንግም አንድ። ለማሸነፍ 26 ግዛት ያስፈልጋል። ምክር ቤቱ በሁለቱ ፓርቲዎች የተሞላ ስለሆነ የመሃሉን ሰው ይመርጡታል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው። በዚህ መንገድ በ1824 አንድሩ ጃክሰን በሕዝብም በኤሌክቶራልም ድምፅ እየመራ ጆን ኩዊንሲ አዳምስ ተመረጠ።

ሦስተኛ ፓርቲ መምረጥ ድምፅ ማባከን ነው የሚሉትስ?

ይህን የሚል ሰው ሁሉ ፈሪ አይደለም። በ2000 በፍሎሪዳ ጆርጅ ደብልዩ ቡሽ አል ጎርን የበለጠው በ537 ድምፅ ነው። የአረንጓዴ ፓርቲው ራልፍ ኔደር በዚያው ግዛት ከ97 ሺህ በላይ አግኝቷል። ከእነዚያ መካከል ጥቂቱ ጎርን ቢመርጥ ኖሮ ብሎ የሚቆጭ ሰው ዛሬም አለ። በ1912 ደግሞ የቀድሞው ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ከሪፐብሊካኖች ተለይቶ የራሱን ፓርቲ ይዞ ወጣ። 27 ከመቶ አግኝቶ ሥልጣን ላይ የነበረውን ታፍትን በለጠ። የሪፐብሊካኑ ድምፅ ለሁለት ተከፍሎ ዴሞክራቱ ውድሮው ዊልሰን በ42 ከመቶ ገደማ አሸነፈ።

ሁልጊዜ እንደዚያ ነው ማለት ግን አይቻልም። በ1992 ፔሮ ቡሽን ጣለው የሚል ወሬ እስከ ዛሬ ይነገራል። በምርጫው ዕለት መራጮች ከጣቢያ ሲወጡ በተደረገው መጠይቅ ግን የፔሮ መራጮች ሁለተኛ ምርጫ በቡሽና በክሊንተን መካከል እኩል ለእኩል ነበር የተከፈለው።

እኔ ለሰው የምመክረው እንዲህ ነው። ሦስተኛውን ከመምረጥህ በፊት የምትኖርበትን ግዛት ተመልከት። ውጤቱ አስቀድሞ በሚታወቅበት ግዛት ያለ ድምፅና በጥቂት ሺህ በሚወሰን ግዛት ያለ ድምፅ እኩል አይመዝኑም። እንደ ኅሊናህ ምረጥ፤ ግን አስልተህ።

ድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ መግባት ይህን ያህል ከባድ ነው?

እንደ ግዛቱ ነው። አንድ ወጥ ሕግ የለም። በቴነሲ ለፕሬዚዳንትነት የሚወዳደር የግል ዕጩ 275 ፊርማ ይበቃዋል። በቴክሳስ ለ2024 ምርጫ ከ113 ሺህ በላይ ያስፈልግ ነበር። በዚያ ላይ በቴክሳስ በፕራይመሪ፣ ማለትም በፓርቲዎች የውስጥ ምርጫ፣ ድምፅ የሰጠ ሰው ለግል ዕጩ መፈረም አይችልም። ዳላስና ሂውስተን ያላችሁ ይህን ልብ በሉ።

ፊርማው ካለቀ በኋላ የቴሌቪዥን ክርክር አለ። ከ2000 ጀምሮ ክርክር ላይ ለመቅረብ በሀገር አቀፍ መጠይቆች 15 ከመቶ ማግኘት ያስፈልጋል። 15 ከመቶ ለማግኘት ሕዝብ ሊያውቅህ ይገባል። ሕዝብ የሚያውቅህ ደግሞ ክርክር ላይ ስትቀርብ ነው። ፔሮ በ1992 በሦስቱም ክርክሮች ቀርቧል። በ1996 አልተጋበዘም፤ ያገኘውም 8.4 ከመቶ ነው።

በቅርብ ጊዜ የተሞከሩትስ የት ደረሱ?

በ2012 «አሜሪካንስ ኢሌክት» የተባለ ቡድን በኢንተርኔት ዕጩ ላስመርጥ ብሎ ተነሳ። ከ25 በሚበልጡ ግዛቶች ቦታ አግኝቶ፣ በቂ ድጋፍ ያለው ዕጩ አጥቶ ተዘጋ። «ኖ ሌብልስ» በ2024 ከሁለቱ ፓርቲዎች አንድ አንድ ሰው አጣምሮ ለማቅረብ አቅዶ ነበር። ሴናተር ጆ ማንቺን አልወዳደርም አሉ፤ የቀድሞው የሜሪላንድ ገዥ ላሪ ሆገን ለሴኔት መወዳደርን መረጡ። ቡድኑ በኤፕሪል 2024 ተወው። በ2025 ኢላን መስክ «የአሜሪካ ፓርቲ» እመሠርታለሁ ብሎ ነበር፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ነገሩ ቀዘቀዘ።

ከእነዚህ የምወደው የአንድሩ ያንግን «ፎርዋርድ» ፓርቲ አካሄድ ነው። በ2021 ተመሥርቶ በ2022 ከሌሎች ሁለት ቡድኖች ጋር ተዋሐደ። የቀድሞዋ የኒው ጀርሲ ገዥ ክሪስቲን ዊትማን ከመሪዎቹ አንዷ ናቸው። በ2024 ለፕሬዚዳንትነት ዕጩ አላቀረበም። ትኩረቱ የከተማ ምክር ቤትና የግዛት ሕግ አውጪ ላይ ነው። ለዜና አይመችም፣ ሰውም ብዙ አያወራለትም። ነገር ግን ቤት ከመሠረቱ ነው የሚሠራው።

43 ከመቶው ነፃ ከሆነ ለምን ተሰብስቦ አያሸንፍም?

ነፃ ነኝ ማለትና የመሃል ሰው መሆን ስለሚለያዩ ነው። «ነፃ ነኝ» ከሚሉት አብዛኞቹ ጠበቅ አድርገው ሲጠይቋቸው ወደ አንዱ ፓርቲ እንደሚያዘነብሉ ይናገራሉ፤ በምርጫም ቀን አብዛኛውን ጊዜ ያንኑ ይመርጣሉ። በእውነት ወደየትም የማያዘነብለው ከአሥር ሰው አንድ ገደማ ነው።

ሌላም ችግር አለ። አንድ ሰው በሀብታም ላይ ግብር ይጨመር፣ ስደተኛ ይቀነስ ይላል። ሌላው ግብር ይቀነስ፣ ማሪዋና ይፈቀድ ይላል። መጠይቁ ላይ የሁለቱም መልስ ሲደመርና ሲካፈል «መሃል» ላይ ይወድቃል። ግን የሚስማሙበት አንድም ነገር የለም። አንድ መኪና ውስጥ ባልቲሞር የሚሄድና ሪችመንድ የሚሄድ ሁለት ተሳፋሪ አለ እንበል። መሃሉ ዋሽንግተን ነው ብሎ እዚያ ቢያወርዳቸው ሁለቱም አልደረሱም። ብዙ የመሃል ፓርቲ አስተባባሪዎች የሳቱት እዚህ ላይ ይመስለኛል። በንግዱ ዓለም የሚታወቀውን፣ «ለገበያ ቀኝ፣ ለማኅበራዊ ጉዳይ ግራ» የሚለውን አመለካከት ይዘው የመላው ሕዝብ መሃል ነው ብለው ያስባሉ። ከሕዝቡ መካከል ብዙው ተቃራኒው ነው፤ በኢኮኖሚ የመንግሥትን እርዳታ ይፈልጋል፣ በባህል ጉዳይ ወግ አጥባቂ ነው። የእኛ አባቶችና እናቶች ብዙዎቹ እንደዚያ አይደሉም?

ያሸነፈ ሰው ጨርሶ የለም?

አለ። ከፕሬዚዳንትነት ዝቅ ባለ ደረጃ አለ። የቀድሞ የትግል ስፖርተኛ የነበረው ጄሲ ቬንቱራ በ1998 ፔሮ በመሠረተው በሪፎርም ፓርቲ ስም በ37 ከመቶ የሚኒሶታ ገዥ ሆነ። ሚኒሶታ በምርጫው ዕለት ተመዝግቦ መምረጥን ስለሚፈቅድ፣ ከዚያ በፊት መርጠው የማያውቁ ብዙ ወጣቶች የዚያኑ ዕለት መጥተው ረድተውታል። ቢል ዎከር በ2014 በግል የአላስካ ገዥ ሆኑ፤ ሪፐብሊካን የነበሩት እሳቸው ዴሞክራት ምክትል ይዘው ነበር የተወዳደሩት።

ከሁሉም ግን አንገስ ኪንግን አስቡ። በ1994 በሜይን በግል ተወዳድረው በ35 ከመቶ ገዥ ሆኑ። በ1998 ከግማሽ በላይ ድምፅ አግኝተው ተመለሱ። በ2012 ለሴኔት ተመርጠው ከ2013 ጀምሮ ሴናተር ናቸው። ልዩነቱ ምን ይመስላችኋል? መጀመሪያ ሥራቸውን ያየ ሕዝብ ነው ደግሞ የመረጣቸው። ውጤት ተኮር ነኝ የሚል ሰው የሚያሳየው ውጤት ሊኖረው ይገባል። በቀጥታ ለፕሬዚዳንትነት የሚነሳ ፓርቲ ይህን ማሳየት አይችልም።

በደረጃ መምረጥ የሚባለው ነገር ይረዳል?

ይረዳል። ለእኔ ትልቁ ተስፋ እሱ ነው። አሠራሩን ምግብ ቤት ገብተን እንደምናዝዘው አድርጋችሁ አስቡት። «ክትፎ አምጣልኝ፣ ክትፎ ካለቀ ጥብስ፣ ጥብስም ከሌለ ሽሮ።» መራጩ ዕጩዎቹን አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ብሎ በደረጃ ያስቀምጣል። ከግማሽ በላይ ያገኘ ካለ አለቀ። ከሌለ መጨረሻ የወጣው ዕጩ ይሰረዝና እሱን አንደኛ ያሉ ሰዎች ድምፅ ወደ ሁለተኛ ምርጫቸው ይዞራል። ስለዚህ የመሃሉን ሰው አንደኛ ብትል ድምፅህ አይባክንም።

ሜይን ይህን ያፀደቀችው በ2016 ነው። ከዚያ በፊት በ2010 የሜይን ገዥ ምርጫ ዋናዎቹ ተፎካካሪዎች ሦስት ነበሩና አሸናፊው ከ38 ከመቶ ባነሰ ድምፅ ነበር ያለፈው። ብዙ ሰው ያ ነገር ቆጭቶታል። በ2018 በሜይን ሁለተኛ ወረዳ ለኮንግረስ የተወዳደሩት አራት ነበሩ። በመጀመሪያው ዙር ሪፐብሊካኑ በትንሹ መራ። የሁለቱ የግል ዕጩዎች ድምፅ ሲዞር ዴሞክራቱ ጃሬድ ጎልደን በ50.6 ከመቶ አለፈ። አላስካም በ2020 በሕዝበ ውሳኔ ተቀብላዋለች። በ2024 ይሻር የሚል ጥያቄ ቀርቦ ከ1 ሺህ ባነሰ ድምፅ ልዩነት ተረፈ።

ነገሩ ሁሉ ወደ ላይ እየሄደ ነው ብዬ አላታልላችሁም። በዚያው በ2024 በኮሎራዶ፣ በአይዳሆ፣ በኔቫዳና በኦሪገን ሕዝቡ አልፈልግም ብሏል። ግራ ያጋባል፣ ቆጠራው ይዘገያል የሚለው ቅሬታ ሚዛን ደፍቷል። ቅሬታው መልስ ይፈልጋል፤ ማስተማር ላይ በቂ ሥራ አልተሠራም።

እኛ ወደምንኖርበት ስንመጣ ግን ነገሩ ቅርብ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ በኖቬምበር 2024 በሕዝበ ውሳኔ ተቀብሎታል። ከሲልቨር ስፕሪንግ ጎን ያለችው ታኮማ ፓርክ ለከተማ ምርጫ ስትጠቀምበት ብዙ ዓመት ሆኗታል። እዚያ እንዲያውም ዜግነት ያላገኘ ነዋሪም ለከተማው ምክር ቤት መምረጥ ይችላል። አርሊንግተን በ2023 ጀምሯል። ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል ያላችሁም ታውቁታላችሁ።

ሳያሸንፍ የሚቀር ሦስተኛ ፓርቲ ጥቅሙ ምንድን ነው?

ሐሳቡን ትልልቆቹ ይወስዱታል። የ1912 የሩዝቬልት ፓርቲ የሴቶችን የመምረጥ መብትና የማኅበራዊ መድንን በፕሮግራሙ አካትቶ ነበር። ፓርቲው ብዙም ሳይቆይ ጠፋ፤ ሁለቱም ነገሮች በኋላ ሕግ ሆኑ። ፔሮ ያነሳው የበጀት ጉድለትም እንደዚሁ ነው። ከ1992 በኋላ ሁለቱም ፓርቲዎች ያን 19 ከመቶ ለመማረክ ተሽቀዳደሙ። ከ1998 እስከ 2001 ለአራት ተከታታይ ዓመት የአሜሪካ በጀት ትርፍ አሳየ። የኢኮኖሚው ማደግ ድርሻ ነበረው። ሁለቱን ወገኖች ግን በዘንጉ እየጠቆመ ያስጨነቃቸው ፔሮ ነው።

እንግዲያው ስመዘገብ «ከየትኛውም ፓርቲ አይደለሁም» ልበል?

ከመልሱ በፊት አንድ ነገር ላጫውታችሁ። ሜሪላንድ የሚኖሩ፣ ጋሼ የምላቸው አንድ ጎረቤቴ ዜግነት እንዳገኙ የመራጭነት ቅጹ ላይ ያለ ፓርቲ መሆንን መረጡ። ምክንያታቸው ይገባኛል። በሀገር ቤት የፓርቲ አባልነት ማለት መታወቂያ፣ መዋጮ፣ ስብሰባና ሲገለባበጥ የሚመጣ መዘዝ ነበር። በ2022 የፕራይመሪ ዕለት ክራባታቸውን አስረው ሄዱ። የተሰጣቸው ወረቀት ላይ ያለው የትምህርት ቦርድ ዕጩዎች ስም ብቻ ነበር። አገላብጠው አዩት። ሌላ ነገር የለም። ማታ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ገዥው የት አለ?» አሉኝ።

የሜሪላንድ ሕግ እንደዚያ ነው። በፕራይመሪ ለገዥም ለኮንግረስም መምረጥ የሚችለው በፓርቲው የተመዘገበ ሰው ብቻ ነው። አንድ ፓርቲ በሚገዛው አካባቢ ደግሞ ወሳኙ ምርጫ ፕራይመሪው ነው፤ ኖቬምበር ላይ ያለው ማፅደቅ ነው። ቨርጂኒያና ቴክሳስ መራጭን በፓርቲ አይመዘግቡም፤ በዕለቱ የአንዱን ወረቀት መርጦ መውሰድ ይቻላል። ኮሎራዶ ያለ ፓርቲ የተመዘገበም እንዲመርጥ ትፈቅዳለች። ስለዚህ መጀመሪያ የግዛታችሁን ሕግ ጠይቁ።

በአሜሪካ በፓርቲ ስም መመዝገብ መዋጮ የለውም፣ ስብሰባ የለውም፣ ማንንም እንድትመርጡ አያስገድድም። ጋሼም ይህን ሲሰሙ ቅጹን ቀየሩ። ለመቀየር የጊዜ ገደብ ስላለው ከፕራይመሪው ወራት ቀደም ብለው ነው ያደረጉት። ቀጥሎ በነበረው ፕራይመሪ ወረቀቱ ሙሉ ሆኖ መጣላቸው። ከሁለቱም ጋር የማይስማሙ ሰው ናቸው፤ አሁንም አልተለወጡም። ግን ወረቀቱ ላይ ከነበሩት መካከል ሥራውን የሚያውቁትን፣ ለዘብ ያለውን ሰው ፈልገው መረጡ።